ያልተረገጠው ፔዳል

ሙሉነሽ ደጉ የምትወደውን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ለማየት የመኪናውን ፍሬን ልትሠራ ሄደች። ሌላዋ ብትሆን ጠጉሯን ተሠርታ፣ ሽቶ ተቀብታ ትሄድ ነበር። እሷ ግን የአባቷን የመሣሪያ ሳጥን አንጠልጥላ፣ ጉልበቱ የተጣፈ ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ፣ ከቂርቆስ ወደ ካዛንቺስ ሽቅብ ወጣች።

ጊዜው የ1995 ጥቅምት መጨረሻ፣ ቀኑ ቅዳሜ ነው። ነጋዴው አቶ ሃድጉ ጠዋት ሰው ልከው «የደጉ ልጅ መጥታ የስታርሌቷን ፍሬን ትቀይርልኝ፤ ከስምንት ሰዓት በፊት እንዲያልቅ» ብለዋል። ደጉ በቂርቆስ ስሙ የተጠራ መካኒክ ነበር። ግራ ጎኑ ከታመመና አንደበቱም ከተጎዳ ወዲህ ግን ሙያውን የተረከበችው አንድያ ልጁ ሙሉነሽ ናት። ጋራዥ የላቸውም። ሰው ቤቱ ይጠራታል፣ ግቢው ውስጥ ክሪኳን ትተክላለች፣ ሠርታ ትወጣለች። ሰፈሩ መጀመሪያ ስቆባት ነበር፤ ኋላ ግን የሳቀው ሁሉ ፍሬኑ ሲያፏጭ የሚጠራው እሷን ሆነ።

ሃይለአብ የአቶ ሃድጉ የበኩር ልጅ ነው። የዛሬ ዓመት ይህችኑ ነጭ ስታርሌት ይዞ እነሙሉነሽ ቤት መጣና ለአንድ ጎማ ሦስት ሰዓት ተቀመጠ። በሳምንቱ ደህናውን ካንዴላ «ተበላሸ» ብሎ ተመለሰ። ደጉ ካንዴላውን አገላብጦ አየና ልጅየውን አየ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ደብዳቤ ሆነ፤ አመላላሿም የሃይለአብ ታናሽ እህት ፍዮሪ። እናቱ ወይዘሮ ዘውዲ ወሬውን የሰሙ ዕለት «ልጄን ለዚህ ነው ያስተማርኩት? ዘይት የነካው እጅ እንጀራዬን ሊቆርስ?» አሉ። ይሄም ቃል እንደ ደብዳቤው ሁሉ ቂርቆስ ደረሰ።

ሙሉነሽ ኩራተኛ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት የመጨረሻዋን ጻፈች፤ «ከወደድከኝ እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክ። ካልቻልክ ዝም በለኝ። ዝምታህን መልስ አድርጌ እወስደዋለሁ።»

ሃይለአብ ዝም አለ። አንድ ቀን፣ አንድ ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። ሙሉነሽ ያን ዝምታ እየበላች፣ ያን ዝምታ ለብሳ እየተኛች ከረመች። ዛሬ ስትጠራ «ዓይኑን አንዴ ልየውና ይብቃኝ» ብላ መጣች። እንደማይበቃት ግን ልቧ ያውቃል።

*

የአቶ ሃድጉ ግቢ ከመንገዱ ከፍ ያለ ነው። በሩ ሲከፈት ጠባብ የድንጋይ መንገድ ቁልቁል ይወርድና ወደ ባምቢስ የሚያወጣው አስፋልት ላይ ይጥላል። አቶ ሃድጉ በሩን ራሳቸው ከፈቱላት፤ «አባትሽ እንዴት ናቸው?» ብለው ጠየቁና በረንዳው ላይ ተቀምጠው እጆቿን ሲያዩ ቆዩ። ሙሉነሽ ለመኪናቸው የሰጉ መሰላት።

የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፈች፣ የፊቱን በክሪክ አነሣች፣ ጎማውን ፈታች። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ እንዲገባ ሸራውን የሚጫነው ፒስተን ተገፍቶ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። እዚህ ላይ ደጉ ለልጁ ያወረሳት አንድ ሕግ አለ። ፒስተኑ ከተገፋ በኋላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል፤ ሲረግጡት ወለል ይነካል። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው ሲረግጡት ነው ፒስተኑ ተመልሶ ሸራውን የሚይዘው። «ፔዳሉን ሳትረግጪ መሣሪያሽን አትሰብስቢ» ይላታል አባቷ፣ እሷ እንደማታውቅ ሁሉ በየጊዜው።

አቶ ሃድጉ ተነሥተው ገቡ። ሁለተኛው ጎማ ላይ ስትደርስ ወይዘሮ ዘውዲ ሻይ ይዘው ወጡ። ሻዩን ሲሰጡ ዓይናቸው ዘይት በጠጣው እጇ ላይ አረፈ።

«ቶሎ ያልቃል?»

«ይቺ ብቻ ናት የቀረችኝ፣ እማማ።»

«ጎሽ። ስምንት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች ይሄዱበታል።» አሁንም እጇን እያዩ ጨመሩ፤ «ለሃይለአብ ነው። ኡራኤል፣ የአርያም ወላጆች ቤት። አርያም ባንክ ነው የምትሠራው፤ ቤተሰቧንም እናውቃለን። በቃ፣ የሚገባው ይሄ ነው።»

የቡሎን ቁልፉ ከሙሉነሽ እጅ አልወደቀም። አጥብቃ ከመያዟ የተነሣ ጣቷን ቆረጣት እንጂ።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለች። እንዴት እንዳለችው ራሷም አታውቅም።

«አሜን። ላንቺም እኩያሽን ይስጥሽ፣ ጓለይ።»

ጓለይ በትግርኛ «ልጄ» ማለት ነው። ሙሉነሽ ግን ልጅነቱን አልሰማችውም፤ የሰማችው «እኩያሽን» የሚለውን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠበቀችው መልስ ይኸውና፣ ከሻይ ጋር ቀረበላት። በዚያ ላይ ለሌላዪቱ የሚሄደውን ሽማግሌ በሰላም የሚያደርሰውን ፍሬን የምትሠራው እሷ ናት።

ሃይለአብ የወጣው በዚህ መሐል ነው። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ሸሚዙ አዲስ ነው። እናቱ በረንዳው ላይ ቆመው ያያሉ። መኪናዋን ዞሮ መጣና ከሳጥኑ አጠገብ ቁጢጥ አለ። አሮጌውን ሸራ አነሣ፣ አገላበጠ፣ መልሶ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠ። እሷ ፊቷን ከጎማው አልመለሰችም።

«አለቀ ወይ?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሊያልቅ ነው።»

«ፍሬኑ… ማለቴ፣ ያስተማምናል?»

«ፍሬን ሰው አይደለም። ያስተማምናል።»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። «ሃይለአብ!» አሉ እናቱ። ተነሣ። ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው፤ አያት። ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር፣ ልመና የሚመስል። ሙሉነሽ ግን እንደ ይቅርታ አነበበችው። ሊያገባ የሄደ ሰው የሚጠይቀው ይቅርታ። እሱ ወደ ቤት ገባ፤ እሷ ጎማውን መለሰች፣ ቡሎኖቹን አጠበቀች፣ ክሪኩን አወረደች፣ ሳጥኗን ዘጋች።

«አለቀ?» አሉ ወይዘሮ ዘውዲ።

«አለቀ» አለችና ወደ ኋላ ሳታይ ወጣች። እንባዋን በሩ እስኪዘጋ ድረስ ይዛው ነበር፤ ከዚያ በኋላ መያዝ አልሆነላትም።

*

ባምቢስ ስትደርስ የተቆረጠው ጣቷ አሁንም ይደማል። ከሰው መሐል ወጥታ አንድ ግንብ ተደገፈችና ጨርቅ ፍለጋ ሳጥኗን ከፈተች። አሮጌዎቹ ሸራዎች ሥር አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ነበር።

የሃይለአብ የእጅ ጽሑፍ መሆኑን አወቀችው። መቅደድ አማራት፤ እጇ ግን ገለጠው።

«ሙሉዬ፤ ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩሽ መልስ አጥቼ አይደለም። ሽማግሌ ላክ አልሽኝ፤ ከሽማግሌ በፊት ወረቀት መላክ አፈርኩ። ሌሊትና ቀን አባቴን ስለምን ከረምኩ፤ እሺ ያለኝ ትናንት ነው። ፍሬኑን ሰበብ አድርጎ የጠራሽ እሱ ነው፤ ‹ልጅቱን ሥራዋ ላይ ልያት› ብሎ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች አሳፍሬ እኔው ራሴ እየነዳሁ እወጣለሁ። እናቴ ኡራኤል የምንሄድ ይመስላታል። የምንሄደው ግን ቂርቆስ፣ አባትሽ ቤት ነው። እናቴን አባቴ ራሱ ያሳምናታል። ግቢ ውስጥ ካናገርኩሽ ታውቃለች፤ ሁሉ ነገር ይበላሻል። ስለዚህ ፊቴ ቢያስከፋሽም እውነት አይምሰልሽ። ቤትሽ ሆነሽ ጠብቂኝ። ሃይለአብ።»

ሙሉነሽ ግንቡን ተደግፋ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ሳቀች፤ በእንባዋ ላይ ሳቀች። በአጠገቧ የሚያልፉት ሰዎች ዞር እያሉ አዩዋት። እንደገና ልታነበው ከላይ ጀመረች፣ ቀስ እያለች፣ እያንዳንዷን ቃል እየቆጠረች፣ «እኔው ራሴ እየነዳሁ እወጣለሁ» የሚለው ላይ እስክትደርስ።

እየነዳሁ።

ክሪኩን አወረደች። ቡሎኑን አጠበቀች። ሳጥኑን ዘጋች። ከዚያስ? ከዚያ ምን አደረገች? እጇ ያደረገውን ሁሉ አንድ በአንድ ለቀመችው፤ እግሯ ያደረገው ግን የለም። መኪናው ውስጥ አልገባችም። ፔዳሉን አልረገጠችም። ሁለቱም ፒስተኖች ወደ ኋላ እንደተገፉ ናቸው።

ደስታዋ ደሟ ውስጥ እንዳለ በረዶ ሆነ።

*

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። እዚያው ባምቢስ፣ የሚያውቃት ባለሱቅ ኑሪ በደቂቃ እያስከፈለ የሚያስደውልበት ስልክ አለው። ሰልፈኛውን ገፍታ ገባች።

«ሙሉ፣ ምን ሆነሽ ነው? እጅሽ ይደማል እኮ» አለ ኑሪ። ስልኩን ስባ የእነሃይለአብን ቤት ቁጥር ደወለች።

ስልኩ ጠራ። አነሡት።

«ሄሎ?» ወይዘሮ ዘውዲ ናቸው።

«እማማ ዘውዲ፣ ሙሉነሽ ነኝ። መኪናው እንዳይነሣ። በእግዚአብሔር፣ እንዳያስነሡት!»

«ሙሉነሽ» አሉ፣ ስሙን እንደ መራራ ነገር እያላመጡ። «እኔ እኮ ማን እንደሆንሽ አውቃለሁ። ገና ከበሩ ስትገቢ አውቄሻለሁ። ያልኩሽን ያልኩሽ ለዚያ ነው።»

«እማማ፣ እሱን ተዉት። ፍሬኑ አልተጨረሰም…»

«አለቀ ብለሽ በገዛ አፍሽ ነግረሽኝ ነው የወጣሽው። አሁን ሽማግሌው ሊነሣ ሲል ነው ያላለቀው?»

«ረስቼው ነው! ፔዳሉን…»

«ስሚ ጓለይ። እኔም ሴት ነኝ፤ የሚያቃጥልሽ ይገባኛል። ግን ሽማግሌ በስልክ አይመለስም።»

ዘጉት። ደግማ ደወለች። ስልኩ ተነሥቶ ከጎን ተቀምጧል፤ የሚሰማው ያ የ«ተይዟል» ድምፅ ብቻ ነው። በሕይወቷ እንደዚህ እውነት ተናግራ አታውቅም፤ እንደዚህም ሳትታመን ቀርታ አታውቅም።

ሳጥኗን ኑሪ ጋ ጥላ ወጣች። ታክሲ ፌርማታው ላይ ሕዝብ ተኮልኩሏል። ሮጠች።

የካዛንቺስ አቀበት በእግር ላዘገመ እንኳ ያስተነፍሳል። ሙሉነሽ የሥራ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ከሰው ጋር እየተጋጨች፣ «ይቅርታ» ማለቱን እየረሳች ወጣችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ እሷ ደግሞ እያለቀሰች የሠራችው ፍሬን ማንን ሊያስለቅስ እንደሆነ እያየችው ሮጠች። ያ የድንጋይ መንገድ ቁልቁል ነው። ጫፉ ላይ አስፋልቱ፣ አስፋልቱ ላይ ታክሲውና አውቶቡሱ። ደጋግሞ ቢረግጠው ይይዛል፣ አዎ። ግን አንዴ ረግጦ ወለል የነካበት ሰው ደንግጦ እግሩን እዚያው ያደርቃል እንጂ መች ደግሞ ይረግጣል? የእጅ ፍሬንስ በዚያች ሰከንድ ማን ያስታውሰዋል?

«ሕፃኑ ቂርቆስ» አለች እያለከለከች፣ «እኔ ይቅርብኝ። አርያምን ያግባ። የፈለጋትን ያግባ፣ ልጆች ይውለድ፣ መንገድ ላይ ሲያየኝ አይወቀኝ። ብቻ ይኑር። ብቻ ዛሬን ይኑርልኝ።»

ከልቧ ነው ያለችው። ካንድ ሰዓት በፊት ለማንም አልሰጠውም ብላ ያለቀሰችለትን ሰው፣ አሁን ትንፋሽ እስካለው ድረስ ለሁሉም ሰጠችው።

*

ወደ ድንጋዩ መንገድ ስትታጠፍ ነጯ ስታርሌት ከላይ ከበሩ ወጥታ መውረድ ጀምራለች። ከፊት ነጭ ጋቢ፣ ከኋላ ሁለት ነጭ ጋቢ። መሪው ላይ ሃይለአብ።

ሙሉነሽ መንገዱ መሐል ቆመች፤ እጆቿን ዘረጋች። ከኋላዋ አስፋልቱ ይጮኻል።

ሃይለአብ አያት። ፈገግ አለ! ደብዳቤውን አንብባ በደስታ የመጣች መሰለው። ፊቱ እንዲህ ሲበራ አይታው አታውቅም። እያየችው እግሩን ወደ ፍሬኑ ሰደደ፤ እያየችው ያ ፈገግታ ፊቱ ላይ ሞተ።

«ርገጥ!» ብላ ጮኸች። «ደጋግመህ ርገጥ! ልቀቅና ርገጥ!»

መኪናዋ ፍጥነት ጨመረች። ሃይለአብ በእጁ «ውጪ፣ ውጪ» ይላታል፤ አፉ ሲከፈት ይታያታል፣ ድምፁ ግን አይሰማትም። አልወጣችም። ብትወጣ እሱን ከአስፋልቱ የሚለየው የለም፤ ከፊቱ ካለች ግን ሳይረግጥ አያልፍም። ይሄን ማሰቧን እንኳ አታውቀውም።

«ልቀቅ! ርገጥ! ልቀቅ! ርገጥ!»

ትከሻው ሲነሣና ሲወድቅ አየች። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ስታርሌቷ አፍንጫዋን ደፋች፣ ጎማዎቿ ድንጋዩን ፈጩት፣ ቆመች። የፊቷ ብረት የሙሉነሽን ቱታ ነክቷል፤ ጉልበቷን ግን አልነካም።

ሙሉነሽ ኮፈኑ ላይ በሁለት እጇ ተደገፈች። የሞተሩ ሙቀት በመዳፏ በኩል ገባ። መኖሩን ያመነችው በዚያ ሙቀት ነው።

*

መጀመሪያ የወረዱት የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ዲሪባ ናቸው። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ቄሱ፣ ከኋላ ሆነው ያማትባሉ። ሦስተኛው ሽማግሌ፣ የአቶ ሃድጉ የአጎት ልጅ፣ በሩን ይዘው ቀሩ። ላይ ግቢው በር ላይ ወይዘሮ ዘውዲ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ቆመዋል። ዓይናቸው ከሙሉነሽ ዓይን ጋር ተገጣጠመ፤ ሴትዮዋ ጎንበስ አሉ፣ እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አሉ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጋሽ ዲሪባ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ሃይለአብ፣ ከመኪናዋ ወርዶ። «ማርሹን… በቃ፣ እኔ ነኝ። በደንብ አልያዝኩትም።»

«አይደለም» አለች ሙሉነሽ።

ዝም ልትል ትችል ነበር። የሽማግሌ ዓይን ሚዛን መሆኑን ታውቃለች፤ እዚህ የተናገረችው ሁሉ እዚያም እዚህም ቤት ይገባል። ሃይለአብ በዓይኑ «ተዪ» ይላታል። በምድር ላይ የምትፈልገው ነገር ሁሉ እነዚህ ሦስት ሰዎች መኪና ውስጥ ተመልሰው ወደ ቂርቆስ እንዲወርዱ ብቻ ነው። የሚያስቀራቸውን ቃል ደግሞ የያዘችው እሷ ናት።

«ሙሉነሽ ደጉ ነኝ» አለች። «ፍሬኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ፔዳሉን ሳልረግጥ፣ ሳልፈትሽ ወጣሁ። አባቴ ይህን እንዳላደርግ ነው ያሳደገኝ። አራት ሰው ልገድል ነበር።»

ስሟን ሲሰሙ ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ምን ነክቶሽ ረሳሽ?» አሉ ጋሽ ዲሪባ ቀስ ብለው።

«ለሌላ ሰው የምትሄዱ መስሎኝ። ልቤ ጠፋብኝ።»

ከዚያ ሦስተኛው ሽማግሌ «እንመለስ» አሉ። «ገና ከበር ሳንርቅ እንዲህ ከሆነ መንገዱ እምቢ ብሏል። በዚህ ላይ ምን ምልክት እንፈልጋለን?»

ሙሉነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ሃይለአብ «ጋሼ፣ በእናትዎ…» ብሎ ለመናቸው። እጁን ሊሰጣት ዘርግቶ፣ በሽማግሌ ፊት መሆኑን አስታውሶ አየር ላይ ተወው።

ጋሽ ዲሪባ ረዥም ጊዜ የልጅቱን እጅ አዩ፤ ዘይቱን፣ የደረቀውን ደም።

«ሠላሳ ዓመት ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ» አሉ። «ልጅቱ ጨዋ ናት፣ ልጁ ጨዋ ነው እያልኩ ያላየሁትን ስንቱን መሰከርኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና። ዛሬ ግን ያየሁትን እናገራለሁ። ረስታለች፤ ሰው ነች፣ ትረሳለች። ረሳሁ ብላ ግን መኪና ፊት የቆመች አላየሁም። ቄሱ፣ እርስዎስ?»

«እኔም አላየሁ» አሉ ቄሱ።

«እንግዲህ መንገዱ እምቢ ካለ እኛ እሺ እናሰኘዋለን።» ከዘራቸውን ድንጋዩ ላይ መቱ። «በዚህች መኪና ግን ወይ ፍንክች። በእግራችን ነው የምንሄደው።»

ሦስተኛው ሽማግሌ አጉረመረሙ፤ ቢሆንም በሩን ዘግተው ተከተሉ። ጋሽ ዲሪባ ሙሉነሽ አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቱ ቤቷ ነው መገኘት ያለባት፣ ጓዳ ውስጥ፣ ቀሚስ ለብሳ። እኛ መንገድ ላይ ያገኘነው መካኒክ ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ፣ ጋሼ።»

«እኛ አርጅተናል፤ ቀስ ብለን ነው የምንወርደው። አንቺ ሩጪ።»

ሙሉነሽ ወደ ሃይለአብ ዞረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የናፈቀችው ዓይን እዚያው ነበር፣ በእንባ ተሞልቶ። ይቅርታ አልነበረበትም፤ መቼም አልነበረበትም።

ሮጠች። ቤት ስትደርስ አባቷ ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠ በዓይኑ ተከተላት፤ በአጠገቡ አልፋ ጓዳ ገባች። ቱታዋን አወለቀች። ቀሚሷን ገልብጣ ለብሳ፣ ቁልፉን ስታጣው አልቅሳ፣ እንደገና ለበሰችው። እጇን በሳሙና ፈተገችው፤ ዘይቱ አልለቀቀም። እንዲህ እያለች የውጪው በር ተንኳኳ።

«ማን ነው?» አለ ደጉ በዚያ በተጎዳ አንደበቱ።

«የእግዚአብሔር እንግዶች ነን» አለ የጋሽ ዲሪባ ድምፅ።

አባቷ ግራ እግሩን እየጎተተ ሄዶ በሩን ከፈተላቸው። ሙሉነሽ ከመጋረጃው ኋላ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ከዘራቸው ደጁን አልፎ ሲገባ እየሰማች ቆመች።